ሰሚ ያጣው ሐሙስ

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። መጀመሪያ ወንዙ ቀጠነ፤ ቀጥሎ የሰፈሩ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ደረቁ። ከብት ያለው ከብቱን ሸጠ፤ የሌለው የቤት ዕቃውን ወደ መንገድ አወጣ። ውሃ ለመጠጥ ብቻ ነው፣ ልብስ ሲያጥብ የተገኘ ይቀጣል ተባለ። የሟች እህታችን አባት የግንበኛ ረዳት ነበሩ። ጭቃ የሚቦካበት ውሃ ስለታጣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ በሄዱበት በወባ ሞቱ። ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጃቸው በዚያው ወር ተከተለቻቸው። ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን የተወለዱት በዚያ ዓመት፣ የአባታቸው መርዶ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቀኑን የጻፈ የለም። ይህን የሚያስታውሰው ያን ጊዜ አምስት ዓመት የነበረው ወንድማቸው ነው፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው።

እናታቸው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ውሃ ከሌለ አጣቢ ሥራ የለውም። በአካባቢው ያልደረቀው የዳኛው ቤት ጉድጓድ ብቻ ነበር። ዳኛው ከተማው የሚያከብራቸው፣ የሚፈራቸውም፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ባለ አንድ ፎቅ፣ አሥራ አንድ ክፍል ያለው፣ የእንጨት ሰገነት የዞረው ነው። እናታቸው አራስ ልጃቸውን አዝለው፣ ወንድማቸውን በእጃቸው ይዘው በግቢው ጀርባ ዞሩና የኋላውን በር አንኳኩ። የከፈተችላቸው የወጥ ቤቱ ሠራተኛ የጌታዋን ሸሚዝ አጥርተው ካጠቡ የሰውንም ልብስ እዚያው እንዲያጥቡ ፈቀደች። ቤተሰቡ ከሞት የተረፈው በዚያ በር ነው።

ሁለቱ ልጆች ያደጉት በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። እናታቸው የሰጧቸው ትእዛዝ አንድ ነበር፦ «በፊተኛው በር በኩል ከታያችሁ የኛ ነገር አበቃ።» ልጆቹም አልታዩም። ሁለት ግድግዳ ወዲያ ትልቅ አዳራሽ እንዳለ የሚያውቁት በድምፅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የወንበር መጎተት ይሰማል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ መንሾካሾክ እንኳ ያቆማሉ።

እህታችን ቁጥር የለዩት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ነው። የዳኛው አንሶላዎች እንዳይቀያየሩ ጠርዛቸው ላይ በቀይ ክር ቁጥር ተጠልፎባቸው ነበር። እናታቸው ሲያጥፉ እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ሃያ አራት ደረሱ፤ አንሶላው ሃያ አራት ስለነበረ እዚያ ላይ ቆሙ። ከሁለቱ አንዱ ይማር ሲባል ወንድማቸው ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ አናጺ ዘንድ ገባ። እሳቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በትምህርታቸው የደከሙ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ እጅግ የበለጡ ነበሩ ማለትም ውሸት ይሆናል። የያዙትን አይለቁም ነበር።

እህታችን አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ዳኛው ወራሽ ሳይኖራቸው ሞቱ። ቤቱ ለከተማው ተሰጥቶ ሙዚየም ሆነ። አዲሱ ኃላፊ እናታቸውን ጠርቶ፣ ሙዚየም የቆሸሸ ልብስ የለውም፣ ብሎ አሰናበታቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው። እናታቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው ዐረፉ። በሞቱ በሁለተኛው ወር እህታችን በዚያው ሙዚየም በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ዕድሜያቸው አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ስድስት ዓመት ጠረጉ። ከዚያ ትኬት ቆራጭ ሆኑ፤ ቀጥሎም አስጎብኚ። ለአስጎብኚ የሚሰጥ አራት ገጽ ጽሑፍ ነበር። ዳኛው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ፍርዳቸውን ጻፉ፣ በዚህ ሰገነት ላይ አየር ይቀበሉ ነበር፣ እያለ ይሄዳል። ስለ ልብስ አጣቢዋ አንድ መስመር የለበትም። እህታችን እንደተጻፈው ሲያስጎበኙ ኖሩ። አንድም ቀን ከራሳቸው አልጨመሩም።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የሙዚየሙን ትኬት የሚያትመው ማተሚያ ቤት ውስጥ ለኅትመት የብረት ፊደል እየለቀመ የሚደረድር ፊደል ለቃሚ የነበረውን ባለቤታቸውን አገቡ። ዝም ያለ፣ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን የሚያይ ሰው ነበር። ለእጮኝነት የመጣ ዕለት ወንድማቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቀው፣ «ሌላው የጻፈውን አቆማለሁ» ብሎ መለሰ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እህታችን አርባ ዓመት ሲሞላቸው ባለቤታቸው በሳንባ ሕመም ሞተ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እህታችንን ሰው ያወቃቸው በሐሙስ ንግግር ነው። በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ኃላፊውን አስፈቅደው ጀመሩት። ከክረምትና ከበዓላት በቀር ሐሙስ ሐሙስ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ስለሚያውቀው ነገር ይናገራል። ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጉድጓድ ቆፋሪ ተናግሯል፣ አዋላጅ ተናግራለች፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ተናግሯል። በዓመት ጥቂት ጊዜ የዘፈን፣ የግጥምና የሥዕል ዝግጅትም ይደረግ ነበር። ማስታወቂያውን ባለቤታቸው በትርፍ ሰዓቱ ያትመዋል፤ እሳቸው በየግድግዳው ይለጥፉታል።

ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰሚ ከመጣ ንግግሩ ይሰጣል። ማንም ካልመጣ አይሰጥም፤ ወንበር ጆሮ የለውም። ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ፣ እሳቸውን ጨምሮ፣ ሰሚ ተብሎ አይቆጠርም። ተራ የሚጠብቀው ብዙ ስለነበረ ሰሚ ያጣ ንግግር ሁለተኛ ማስታወቂያ አይለጠፍለትም። ይህ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ የሐሙሱ ቁጥር፣ ተናጋሪው፣ ርዕሱ፣ የሰሚው ብዛት፣ በመጨረሻም ተሰጠ ወይም አልተሰጠም።

አዋላጇ በተናገረችበት ሐሙስ የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። አዋላጇ ሙሉውን ሰዓት ለአንዷ ተናገረች። ስለ ጊዜ አለካክ የተናገረው የሰዓት ጠጋኝ በአንጻሩ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይዞ ከተሰጠው ሰዓት በላይ አርባ ደቂቃ ቆየ። የሙዚየሙ ዘበኛ በሩ ላይ ሆኖ፣ የሰው ሰዓት ሲጠግን የራሱ ቆሟል፣ አለ። ዝናብ ለማምለጥ ገብቶ እንቅልፍ የሚወስደው አንድ ሽማግሌም ነበር። ዘበኛው የሚያንኮራፋ ሰው ይቆጠር እንደሆነ ሲጠይቃቸው እህታችን ወደ ሽማግሌው አይተው፣ «ጆሮው ክፍት ነው፤ ቁጠረው» አሉት። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሐሙስ» ብሎ ስም ያወጣላቸው በእነዚያ ዓመታት ነው። መንገድ ላይ ሲጠሩበት ዞር ይሉ ነበር። ባለቤታቸውን በቀበሩ በአምስተኛው ቀን ሐሙስ ነበረ፤ ጥቁር ለብሰው አዳራሹን ከፈቱ።

ሰው እየበዛ ሲመጣ ሙዚየሙ ሰባ ወንበር አሠራ። የሠራው ወንድማቸው ነው። በጋሪ ጭኖ በጓሮ በኩል አራገፈው፤ ዘበኛው ተቀበለው። ወንድማቸው ወንበሮቹ አዳራሹ ውስጥ ተደርድረው አላየም። እህታችን በየጊዜው ና ይሉት ነበር። እሱም ወንበሩን ሠርቶ እንዳስረከበ፣ ተቀመጥበት የሚል ውል ግን እንደሌለበት ይመልስላቸዋል። ይስቃሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይቀራል። ንግግሩ ከተጀመረ ሃያ አንድ ዓመት ሳይመጣ ቆየ።

እህታችን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላውን ሰው ያስተዋውቃሉ እንጂ ራሳቸው አልተናገሩም። አምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሰባት ገጽ ጻፉ። ርዕሱ «በኋላ በር የገቡ» ይላል። በመዝገቡ ቁጥር 731ኛው ሐሙስ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ወንድማቸው አናጺ ቤት መጥተው፣ መላጊያው እስኪቆም ጠብቀው፣ እንዲህ አሉት፦

«ጋሼ፣ በዚህኛው እንኳ አትቅርብኝ። የምናገረው ስለ እማዬ ነው። ሌላው ሰው ይሰማዋል፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ።»

«እመጣለሁ» አላቸው።

በዚያ ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ በከተማው አደባባይ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት እንዳለ የተነገረው በዋዜማው ነው። ከተማው ሁሉ ወደዚያ ወጣ፤ ልጃቸው ያን ጊዜ በሌላ ከተማ ትማር ነበር። ወንድማቸው ግን ሥራውን ዘግቶ፣ ታጥቦ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደ ሙዚየሙ ሄደ። አምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቤቱ ጋ ሲደርስ እግሩ እንደለመደው በጓሮ ዞረ። የኋላውን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳ። የማጠቢያው ክፍል ዕቃ ቤት ከሆነ፣ በሩም ከውስጥ በመደርደሪያ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን አያውቅም ነበር። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። የወንበር መጎተት አልተሰማም። ቀርቷል ማለት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እህታችን ሰባ ባዶ ወንበር ፊት ቆመው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ዘበኛው አላስችል ብሎት ገባ።

«እትዬ፣ ለኔ ይናገሩት። የዛሬ ደመወዜን ይቁረጡት።»

«አንተ አትቆጠርም» አሉት። ወረቀታቸውን አጥፈው መዝገቡን ከፈቱ፤ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ተናጋሪ፣ የቤቱ ሠራተኛ። ሰሚ፣ የለም። አልተሰጠም።»

በማግስቱ ዘበኛው ወንድማቸውን መንገድ ላይ አግኝቶ ይህን ሁሉ ነገረው። የፊተኛው በር እስከ መጨረሻው ወለል ብሎ ተከፍቶ እንደነበረም ጨመረለት። ወንድማቸው ግን በዚያ ዕድሜው፣ እናቱ ከሞቱ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎ፣ በፊተኛው በር መግባት በሐሳቡ እንኳ አለመምጣቱን ለማንም መናገር አፈረ። ረስቶ ቀረ ቢባል መረጠ። እህታችንም አልጠየቁትም። እንደ ወትሮው ቤቱ እየመጡ ይጎበኙት ነበር፤ ስለዚያ ሐሙስ ግን ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ንግግሩም ዳግም አልተለጠፈም። በሌላው ሰው ላይ ያጸኑትን ሕግ ለራሳቸው አላላሉትም። ወንድማቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለዕዳቸው ሆኖ ኖረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁል ነው። ሰሚው ከአርባ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ አምስት ወረደ። ተናጋሪዎቹ አረጁ፣ ሞቱ፤ የሚተካቸው ሲጠየቅ ጊዜ የለኝም ይላል። የላይኛው ፎቅ ጣሪያው ስላፈሰሰ ተዘጋ። ቀጥሎ ሰገነቱ ተዘጋ። ዘበኛው ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ሌላ አልተቀጠረም። እህታችን በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን እየሄዱ አዳራሹን ይከፍቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባለደመወዝ ስላልሆኑ ራሳቸውን አንድ ሰሚ ብለው መቁጠር ጀመሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መዝገቡ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ቁጥር አንድ ነው።

በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በ1148ኛው ሐሙስ፣ በሩ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። ጥገናው እስከ ዛሬ አልተጀመረም። ጣሪያው ሁለት ቦታ ገብቷል። ሰባው ወንበር ውስጥ እንዳለ ነው፤ ስንቱ እንደበሰበሰ የሚያውቅ የለም። እህታችን ሦስቱን መዝገብ ወደ ቤታቸው ወሰዱ። የጠየቃቸው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ድምፃቸው ጎረነነ። ብርድ ነው ተባለ። ሐኪም ሲያያቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው ነገር የሚድንበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በአራት ወር ውስጥ ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ። ወንድማቸው ወደ ቤቱ አምጥቶ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ አስተኛቸው። የሚፈልጉትን በትንሽ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ያን ሐሙስ መጥቼ ነበር» አላቸው።

ደብተራቸውን ሳቡ። «በየት?» ብለው ጻፉ።

«በጓሮ። አንኳኳሁ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድማቸው ያለቀሱ መስሎት ዞሮ ሲያይ ይስቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሳቁንና ልቅሶውን መለየት አልተቻለም። ሲረጋጉ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ማንም እኮ አይቆጣህም ነበር» ብለው ጻፉ። ለምን እንዳልነገራቸውም ጠየቁ። የረሳ ቢመስላቸው ይሻለው እንደነበረ ነገራቸው።

ሁለተኛውን መዝገብ አስመጡ። በ731ኛው ሐሙስ መስመር ላይ «የለም» የሚለውን ሰርዘው «አንድ፣ በኋላ በር» ብለው ጻፉ። «አልተሰጠም» የሚለውን አልነኩትም። ከመሳቢያቸው ሰባቱን ገጽ አስወጥተው ለወንድማቸው ሰጡት፤ በደብተሩም ላይ «ሰሚ መጥቷል፤ ይሰጣል» ብለው ጻፉ።

ድምፅ ስለሌላቸው ወንድማቸው አፍ ሆናቸው። ሐሙስ ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሰሚውም ራሱ ነው። በአንድ ቀን ይለቅ ቢላቸው እንቢ አሉ። ንባቡ የአራተኛ ክፍል ንባብ ነው። ሲዘል ወይም ሲቸኩል በእርሳሳቸው የአልጋውን ብረት ይመቱ ነበር፤ ተመልሶ ያነበዋል። ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ መጥታ ከሁለተኛው ሐሙስ ጀምሮ አብራ ሰማች። በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ዳኛው የሞት ፍርድ የፈረዱበት ዕለት ሸሚዛቸው በላብ ከብዶ ይመጣ እንደነበረ፣ እናታቸውም ፍርዱን ከከተማው ሰው ቀድመው ያውቁ እንደነበረ ተጽፏል። እናታቸው በዚያን ቀን ሸሚዙን ለብቻው ያጥቡት ነበር። ወንድማቸው በዚያው ክፍል አድጎ ይህን አላወቀም።

ስድስት ገጽ ተነበበ። እህታችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። የመጨረሻው ገጽ ቀረ።

እህታችን የአንዲት ልጅ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው የሒሳብ መምህርት ናት። ከሷ ሌላ የቀረ ወንድማቸው ብቻ ነው። የልጅ ልጅ አላዩም። የደከሙበት ቤት ተዘግቷል፤ የደከሙበት ሥራም የሚይዘው አልተገኘም። ይህን በማሳመር መናገር አይቻልም። አምላክ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ይቀበላት፤ ዘመናቸውን ሁሉ ለሌላው ሲያዘጋጁት የኖሩትን መቀመጫ ለሳቸውም ያዘጋጅላቸው።

ሰባተኛው ገጽ ይህ ነው፦

«እናቴ በዚህ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። አሁን ያለንበትን አዳራሽ አላየችውም። መጋረጃውን ታውቀው ነበር፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች። የትኛው መስኮት ላይ እንደሚሰቀል ግን አታውቅም። የጠረጴዛውን ልብስ ታውቀዋለች፤ ጠረጴዛውን አታውቀውም። እኔ አዳራሹን መጀመሪያ የጠረግሁ ዕለት መስኮቶቹን ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው። ልንገራት ብዬ ተነሣሁ፤ ከሞተች ሁለት ወሯ ነበር።

«የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች የሠራው ወንድሜ ነው። እሱም እስከ ዛሬ አዳራሹን አላየውም። ዛሬ አይቶታል። ይኸው ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። የገባው በፊተኛው በር ነው፤ ማንም አልተቆጣውም። ሌላ የምለው የለኝም። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ይህ የተጻፈው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ያ ሐሙስ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። ወንድማቸው ያነበበው ትናንት ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ደመወዝ ሳይከፈላችሁ የመጣችሁ ስለሆናችሁ ትቆጠራላችሁ። ይህ ተነብቦ ሲያበቃ መዝገቡ ይከፈታል። ቁጥራችሁ እሳቸው በጻፉት አንድ ላይ ይጨመራል። «አልተሰጠም» የሚለው ይሰረዝና በወንድማቸው እጅ «ተሰጠ» ተብሎ ይጻፋል። ዕዳው ይህ ነበር።